የተዋስኳቸው አያቶች

ስደተኛ የሚወጣው በሌሊት ነው ይባላል። እኔ ግን ከጅግጅጋ የወጣሁት ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ የድሬዳዋ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ጆንያ ሽንኩርት መሃል ተጣብቄ ነው። እማዬ መስኮቱ ሥር ቆማ "ሹራብ ይዘሻል?" ትለኛለች። ወደ ጅቡቲ እንደምሄድ ታውቃለች፣ ግን ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነው። እኔም የምመልሰው ስለጠፋኝ ይዣለሁ አልኳት፤ አልያዝኩም። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ሁለታችንም አላለቀስንም። ካራማራን አልፈን ከተማው ከኋላ ሲሰወር ግን አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ከሽንኩርቱ ነው ብለው መስኮት እስኪከፍቱልኝ ድረስ አለቀስኩ።

ለማታውቁኝ፣ ገነት እባላለሁ። አያቴ ከጦሩ ጋር መጥቶ ጅግጅጋ የቀረ ወታደር ነበር። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ስድስት ዓመት የሌሎችን ደብዳቤ ስተይብ ኖርኩ። ኮንትራቴ አልታደሰም። በ2014 ጥቅምት ላይ፣ ጅቡቲ የቤት ጽዳት ሥራ ይገኛል ሲሉኝ ተነሳሁ። ፓስፖርት የለኝም፣ የማውቀው ሰውም የለኝም።

ከድሬዳዋ በአይሱዙ አዲጋላ አደረሱንና የድሮው ባቡር ጣቢያ ጥላ ሥር አራግፈው ሌላ መኪና እስኪመጣ ጠብቁ አሉን። ሊባንን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከሀርሺን የመጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚያፏጭ ልጅ ነው። ዜማ የለውም እንጂ ያፏጫል። አየኝና፣ አንቺ ሐበሻ ነሽ፣ ኬላው ላይ ያወርዱሻል አለኝ። ሶማልኛ እችላለሁ ብዬ ተኮፈስኩ።

"ቋንቋውንማ ፍየሎቹም ይሰማሉ" አለኝ። "አያት አለሽ ወይ ነው የሚሉሽ።"

እውነቱን ነው። እዚያ አገር ሰው የሚታወቀው በመታወቂያ ካርድ አይደለም፤ አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ ከዚያም ወደ ላይ እየቆጠረ ነው። ትንሽ ልጅ እንኳ አሥር አያት ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። እኔ የማውቀው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ኬላ አያሳልፉም። ስለዚህ ሊባን እዚያ ጥላ ሥር እህቱ አደረገኝና አያቶቹን አስጠናኝ፦ ወርሰሜ፣ ጃማ፣ ኤልሚ፣ ጌዲ፣ ቡህ፣ ሩብሌ፣ ዋይስ። ስሳሳት ይስቃል፣ ደግሞ ከመጀመሪያ ያስጀምረኛል። የአንገቴን ማተብ ፈትቼ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ሻሽ ተከናነብኩ። ለሠርግ ጅቡቲ ውስጥ ወዳለችው አሊ ሳቢህ የምንሄድ እህትና ወንድም ሆንን።

ኬላው ላይ ፖሊሱ የማን ልጅ ነሽ አለኝ። አያቶቹን መቁጠር ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ ቡህን ከጌዲ አስቀደምኩት። ፖሊሱ ዘሩን ያውቀው ኖሮ ቀና አለ። አባቱን ከልጁ ወለድሽው እንዴ አለኝ። አለቀልኝ ስል ሊባን እንደ ሰለቸው ወንድም ተነፈሰና፣ ይቺ ልጅ ጅግጅጋ አማርኛ ትምህርት ቤት ልከናት ጭንቅላቷን አበላሹብን አለው። ፖሊሱ ከት ብሎ ሳቀ። የእኔንም ልጆች አበላሽተዋቸዋል፣ ሂዱ አለን።

አሊ ሳቢህ ላይ ተለያየን። እኔ ወደ ጅቡቲ ከተማ፣ እሱ ከደላላ ጋር ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። ሲለየኝ አንድ ነገር አስማለኝ። እናቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቷል ብላ ነው የምታምነው፤ ባሕር እንደሚገባ ብትሰማ ትሞታለች፤ ማዶ ስደርስ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ ግን ለማንም አትንገሪ አለኝ። ማልኩለት። እያፏጨ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ጅቡቲን ለማያውቅ እንዴት ልንገረው? እኛ ጅግጅጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ይዞ ሲነሳ እናማርር ነበር አይደል? እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ ነው የሚወጣው። ልብስ አጥቤ አስጥቼ ዞር ሳልል ይደርቃል፣ እኔ ግን አልደርቅም። ቁርስ ላይ ባጌት የሚሉት እንደ ዱላ የረዘመ ዳቦ አለ፣ ጠዋት ይጣፍጣል፣ ማታ ሰው ይመታበታል። ጫት ከአገራችን በመጣ ቁጥር ከተማው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ከኢትዮጵያ መጥቶ ካርት ደ ሴዡር ሳይጠየቅ በደስታ የሚቀበሉት እሱ ብቻ ነው።

ካርት ደ ሴዡር የመኖሪያ ወረቀት ነው። ለእሱ ቢሮ ስሄድ ሹሙ ሥራ ብሎ ጠየቀኝ። በዚያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት የእንግዳ ማረፊያ አጸዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ግን መጻፍ ጀምሬ ስለነበር ኩራት ያዘኝና ጸሐፊ ነኝ አልኩ።

"ምንድነው የምትጽፊው?"

"የፍቅር ታሪክ።"

ቅጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። "ለፍቅር የተተወ ቦታ የለም" አለኝ። "ጽዳት ብዬ ሞላሁልሽ። ዴማን ተመለሺ።" ዴማን ማለት ነገ ነው። እስከ ዛሬ ነገ ነኝ።

የምኖረው ባልባላ ሰፈር ነው፣ ኤዶ ሀዋ የሚባሉ መበለት ግቢ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል። ኤዶ አክስቴ እንደ ማለት ነው፣ ታላቅ ሴት ሁሉ ኤዶ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ማራገቢያውን ቀን በማብራቴ ተቆጡኝ። ለመተኛት የተሰጠሽ ማራገቢያ ነው፣ ለመጻፍ ከሆነ ስለ ብርድ አገር ጻፊ አሉኝ። በኋላ ግን የምጽፈውን በሶማልኛ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፣ ከዚያ በኋላ ማራገቢያው ይብራ አይብራ ረሱት።

የምጽፈው በቴሌግራም ነበር፣ በየሐሙሱ አንድ ክፍል፣ ለጅግጅጋ ጓደኞቼ ናፍቆት መወጫ። የብቸኝነት ሥራ ነው እንጂ ጸሐፊ እሆናለሁ ብዬ አይደለም። ጉሌድ የሚባል የሀርሺን ልጅ አለ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። ሀምዲ የምትባል ልጅ አለች፣ ጅግጅጋ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። እሷ ትጠብቀዋለች፣ እሱ ያፏጫል። አዎ፣ ጉሌድ ሊባን ነው። ስሙን ብቻ ለወጥኩ። ሲተኛ መዳፉን ጉንጩ ሥር ማድረጉን፣ የግመል ወተት ሲጠጣ ዓይኑን መጨፈኑን፣ እህቱ ላይ መቀለዱን፣ ሁሉንም ሳልጠይቀው ወሰድኩ። ወደብ ላይ ያስቀጠርኩት ደግሞ ቃሌን የጠበቅኩ መስሎኝ ነው። ባሕሩን አላነሳሁም።

ሀምዲን ግን ከራሴ አወጣኋት። መናኸሪያው ላይ ሻይ ሻጭ ሞልቷል፣ እሷን የመሰለች ግን አላየሁም።

ሰው እንዲህ ይወዳቸዋል ብዬ አላሰብኩም። መቶ ሰው የማይሞላው ቻናል በጥቂት ወራት ውስጥ ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ደረሰ። ባንክ የሚሠራ አንድ ሰው፣ ጉሌድ ለሀምዲ እስኪደውል ድረስ ባለቤቴ እኔን አታናግረኝም፣ እባክሽ አስደውይው ብሎ ጻፈልኝ። የሐርተሼክ አስተማሪ ግመል እንዴት እንደሚታለብ ሁለት ጊዜ አረመኝ። ሀምዲ ትኩሳት የያዛት ሐሙስ ላይ ሴቶቹ ዱዓ አደረጉላት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሰው አገር የማንም ያልሆንኩ ሰው፣ አገሬ ላይ ሐሙስ ሐሙስ የምጠበቅ ሆንኩ።

ከዚያ ጉሌድ ሀምዲን ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሐሳቡን ገና ሳነሳው አንባቢው ተነሳብኝ። ይህ ሰው አባት የለውም እንዴ? የማን ልጅ ነው ብለን ነው ሀምዲን የምንሰጠው? አንድ ዓመት ሙሉ አንድም አያት አልጠራሽለትም፣ ከሰማይ ወረደ ወይ? ኤዶ ሀዋ ራሳቸው፣ አያት የሌለው ሙሽራ እኔም አልድርለትም ብለው ተኮሳተሩ። ለኔ ዓይነቱ ሰው ትዝ የማይለው ነገር ነው፣ ለእነሱ ግን ያለ አያት ሰውየው አልተወለደም። ልፈጥር ሞከርኩ። የፈጠርኳቸው ስሞች ሁሉ የውሸት ሆኑብኝ። በቃሌ የማውቃቸው እውነተኛ ስሞች ግን ነበሩኝ፣ ኬላ ያሳለፉኝ። ምንም ሳላስብ፣ ልክ እንደዚያ ቀን፣ ደረደርኳቸው፦ ጉሌድ ወርሰሜ ጃማ ኤልሚ ጌዲ ቡህ ሩብሌ ዋይስ። አንባቢው ተደሰተ። አሁን ሰው ሆነ አሉኝ።

እሑድ እማዬ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

ከሀርሺን ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነበር። የጸሐፊዋ የገነት እናት ቤት የት ነው ብለው፣ ሰፈሩን ጠይቀው፣ ከጠዋት ጀምሮ ተጉዘው። እማዬ ሻይ በወተት አፍልታ አስቀመጠቻቸው። መጀመሪያ ስለ ዝናብ፣ ከዚያ ስለ ከብት፣ ከዚያ ስለ ጤና አወሩ፤ የመጡበትን ያነሱት ሁለተኛውን ሻይ ሲጨርሱ ነው። ወርሰሜ ጃማ ጉሌድ የሚባል ልጅ የለውም አሉ። ሁለቱ ልጆቹ እዚያው ከግመሎቹ ጋር ናቸው፣ የጠፋው ሊባን ነው፤ ከወጣ ጀምሮ ድምፁ አልተሰማም። ስደት ላይ ስም መለወጥ ያለ ነገር ነው፣ ጉሌድ ሊባን መሆኑን እናቱ ገና ከፉጨቱ አውቃዋለች፣ አያቶቹ ሲጠሩ ደግሞ መንደሩ ሁሉ አወቀ። በሕይወት መኖሩን ልጅዎ ስለነገረችን አላህ ይስጥልን። አሁን ሚስት ሊያገባ ከሆነ ያለ ወገን አይሆንም፣ የሀምዲን አባት ቤት አሳዩንና በወጉ እንጠይቅ።

እማዬ ደንግጣ፣ ኧረ ልጄ ተረት ነው የምትጽፈው አለቻቸው። ትልቁ ሽማግሌ፣ "ተረት ሰባት አያት የለውም" አሏት። ከዚያ አለቀሱ።

"አባትሽ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት እንደዚያ ያለቀሰ ወንድ አላየሁም" አለችኝ እማዬ። "ልጅቷ የት ናት አሉኝ፣ እጠይቃታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ምን አድርገሽ ነው ገነት?"

መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። የሊባን እናት ልጇ በሕይወት እንዳለ የምታውቀው ከእኔ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አላውቅም። ማዶ ስደርስ እነግራታለሁ ያለው ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ አልደወለም፣ ያንን እስከዚያች ቀን ድረስ አልሰማሁም ነበር። ደህና ደርሶ፣ ደውሎላት፣ ተቆጥታው ይሆናል እያልኩ ነበር የምተኛው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልጻፍኩም። ከዚያ በሚቀጥለውም። ብጽፍ የማላውቀውን በሕይወት አለ ብዬ እናቱን ማታለል ነው፣ እያወቅኩ። አለመጻፍ ደግሞ ምን እንደሆነ ሦስተኛው ሐሙስ ካለፈ በኋላ ኢፍራህ ነገረችኝ። ኢፍራህ የሊባን ታናሽ እህት ናት፣ ሀርሺን ታስተምራለች። ለእናቷ ክፍሎቹን ወደ ሶማልኛ እየመለሰች የምታነብላት እሷ ናት። ሐሙስ እናቴ ቀድማ ታጥባ፣ ሰግዳ፣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች ብላ ጻፈችልኝ። የመጀመሪያው ሐሙስ ሥራ በዝቶባት ይሆናል አለች። ሁለተኛው ላይ ምሳ አልቀመሰችም። ባለፈው ሐሙስ ግን፣ ሞቶ ነው፣ ልጅቷ ፈርታ ነው የደበቀችን አለች፣ ከዚያ ወዲህ ከምንጣፏ አልተነሳችም። እባክሽ፣ ክፉም ቢሆን ንገሪን።

ቻናሉ ደግሞ ይንጫጫል። የባንኩ ሰው፣ ሀምዲን ሙሽራ አድርገሽ ትተሻት የት ሄድሽ ይላል። አንዷ፣ እንዲህ ልትተዪን ከሆነ መጀመሪያም ባላስለመድሽን ትላለች። ማረፊያው ውስጥ አንሶላ እያነጠፍኩ፣ ኦቦክ በኩል ስለ ሰጠመ ጀልባ እንግዶች ሲያወሩ ከሰማሁ አንሶላውን እንደያዝኩ በሩ ሥር እቆማለሁ። ያቺ ጀልባ የእሱ ላትሆን እንደምትችል አውቃለሁ። የእሱ የነበረችው ጀልባ ስንተኛዋ እንደነበረች ግን ማን ያውቃል?

ለኤዶ ሀዋ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ባሕሩንም ጭምር። መሐላሽ ለልጁ ነው፣ ልጁ ደግሞ ራሴ እነግራታለሁ ያለበት ጊዜ አልፏል አሉኝ። ከዚያ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞሩልኝና፣ ደውዪላት፣ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ አሉ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደወልኩ። ኢፍራህ አነሳችና ለእናቷ ሰጠቻት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ የምትቸኩል አትመስልም። ስሟ ሰህራ ነው። ኤዶ ሰህራ አልኳት፣ ሰላምታውን ጨረስን፣ ዝናቡንም ከብቱንም ጠየቅኩ። ከዚያ አንዴ ከጀመርኩ እንዳልቆም ብዬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። አዲጋላ ላይ እንደተገናኘን፣ አያቶቹን እንዳዋሰኝ፣ አሊ ሳቢህ ላይ ወደ ባሕሩ እንደሄደ፣ እንዳልናገር እንዳስማለኝ፣ ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ከራሴ እንደሆነ። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም አልኳት። ይቅር በይኝ አልኳት።

የምታለቅስ መስሎኝ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም።

"ባሕሩን አውቄዋለሁ" አለች። "ወደብ ላይ ያለ ልጅ ለእናቱ ይደውላል።"

ከዚያ ነገሩን እንደ ምስር ትለቅመው ጀመር። የቱ የእሱ ነው፣ የቱ ያንቺ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ፉጨቱ? የእሱ ነው። ጉንጩ ሥር የሚያደርገው መዳፍ? የእሱ ነው፣ መኪናው ላይ ሲተኛ አይቻለሁ። ጥርሱን አሞት ለአንድ ሳምንት ያልበላው? የእኔ ነው። ተመስገን አለች። የወደቡ አለቃ የሰደበው? የእኔ ነው። እህቱን አማርኛ አበላሿት ብሎ ፖሊስ ያሳቀው? የእሱ ነው። እዚህ ላይ ሳቀች፣ ወይም ሳቅ መሰለኝ። ቀስ እያለች ስታወጣ ስታወጣ አንድ ዓመት የጻፍኩት ታሪክ እጄ ላይ አለቀ። የቀረላት ልጅ እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ የአንድ ቀን ተኩል ልጅ ነው።

"ሀምዲስ?" አለችኝ በመጨረሻ።

ኤዶ ሀዋን አየኋቸው። ወደ መሬት ያያሉ።

"ሀምዲ የእኔ ናት ኤዶ" አልኳት። "የለችም።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሀሎ አልኩ። ከሩቅ ፍየል ይጮሃል፣ ኢፍራህ የሆነ ነገር ትላታለች። ልጇ ባሕር እንደገባ ስነግራት ያልተሰበረው ድምፅ አሁን ተሰበረ።

"ታዲያ ብቻውን ነው?"

ኤዶ አልኳት። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ከዚያ እንደ እናት፣ እንደሚታዘዝ ልጅ ቆጥራኝ ተናገረች።

"እንግዲህ ስሚኝ። ያንቺን ሁሉ ውሰጂ፣ ወደቡንም አለቃውንም። ሀምዲን ግን አትውሰጂበት።"